የለጋሹ ማንነትና የተተከለው ኩላሊት ዕድሜ፦ ከቆዳ ቀለም ወደ ዘረ መል

በአሜሪካ ሕይወቱ ካለፈ ለጋሽ የተወሰደ ኩላሊት ለየትኛው ሕሙም ይሰጥ የሚለውን ለመወሰን ከሚያገለግሉ መሣሪያዎች አንዱ የነጥብ ስሌት ነው። ስሌቱ የለጋሹን ዕድሜ፣ ቁመትና ክብደት፣ የደም ግፊትና የስኳር ሕመም ታሪክ፣ የሞቱን ምክንያትና የኩላሊቱን የማጣራት አቅም አጣምሮ እስከ 100 የሚደርስ ነጥብ ይሰጣል። ነጥቡ ከፍ ባለ ቁጥር ኩላሊቱ ከተተከለ በኋላ የሚያገለግልበት ዘመን አጭር ይሆናል ተብሎ ይገመታል። እስከ እ.ኤ.አ. 2024 ድረስ በስሌቱ ውስጥ ሌላም መስፈርት ነበረ፤ ለጋሹ በመዝገብ ላይ «ጥቁር» ተብሎ መጻፍ አለመጻፉ። ጥቁር ተብሎ ከተጻፈ፣ ሌላው ሁሉ እኩል ሆኖ ሳለ፣ ኩላሊቱ የመክሸፍ ዕድሉ በ20 በመቶ ገደማ ከፍ ያለ ነው ተብሎ ይታሰብ ነበር።

በዚያው ዓመት መስፈርቱ ከስሌቱ ወጣ። ውሳኔው በኢትዮጵያ ብዙም አልተወራለትም። ሆኖም በዋሽንግተን ዲሲና አካባቢዋ፣ በሚኒሶታ፣ በሲያትልና በሌሎችም ከተሞች የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን በሆስፒታል ቅጽ ላይ የሚሞሉት ሳጥን ይኸው በመሆኑ ጉዳዩ በቀጥታ ይነካቸዋል። አገር ቤት ከወንድምና ከእኅት፣ ከአባትና ከእናት መካከል ኩላሊት ሰጪ ለሚፈልግ ቤተሰብም ጥያቄው አንድ ነው። ከለጋሹ ማንነት ውስጥ የተተከለውን ኩላሊት ዕድሜ የሚወስነው የትኛው ነው? ዘሩ ነው? ዝምድናው ነው? ወይስ ያደገበት ኑሮ?

«ንቅለ ተከላ» የሚለው ስያሜ ለገበሬ እንግዳ አይደለም። የሽንኩርት ወይም የበርበሬ ችግኝ ከመደብ ተነቅሎ ወደ ማሳ ሲሄድ ዕጣውን የሚወስኑት አዲሱ አፈርና ውኃ ብቻ አይደሉም፤ የመጣበት ዘርና መደብ ላይ ሳለ የያዘው በሽታም አብረውት ይሄዳሉ። ኩላሊትም እንዲሁ ነው። ተቀባዩ በየቀኑ የሚወስደው መድኃኒት፣ የደም ግፊቱና አመጋገቡ አዲሱ አፈር ናቸው። ኩላሊቱ ግን የለጋሹን ዘረ መል ይዞ ይዘልቃል። በተቀባዩ ገላ ውስጥ 20 ዓመት ቢኖር እንኳ የሚያጣሩት ሴሎች የለጋሹ ሴሎች ናቸው።

ለስሌቱ መሠረት የሆነው ጥናት የታተመው እ.ኤ.አ. በ2009 ሲሆን፣ በአሜሪካ የተከናወኑ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ንቅለ ተከላዎችን መዝገብ የመረመረ ነበር። በመዝገቡ ላይ የታየው ልዩነት የፈጠራ አልነበረም። ከጥቁር አሜሪካውያን ለጋሾች የተወሰዱ ኩላሊቶች በአማካይ ቀድመው ይደክሙ ነበር። የልዩነቱ ምክንያት ግን በጥናቱ አልተመለሰም። ድህነት ነው፣ ያልታከመ ደም ግፊት ነው፣ የሕብረ ሕዋስ አለመዛመድ ነው የሚሉ ግምቶች ይሰነዘሩ ነበር። ምክንያቱ ሳይታወቅ ልዩነቱ ወደ ቀመር ገባ፤ ከእ.ኤ.አ. 2014 ማብቂያ ጀምሮም ቀመሩ ኩላሊት በማደል ሥራ ላይ ዋለ።

የምክንያቱ ፍንጭ የተገኘው ከኩላሊት ሐኪም ይልቅ የእንስሳት ሐኪም ከሚያውቀው ዓለም ነው። በዓባይ ሸለቆ፣ በበለስ፣ በጊቤና በዴዴሳ ተፋሰሶች ከብት የሚያረባ ሰው ገንዲን ጠንቅቆ ያውቀዋል። በሬው ሲበላ ይውላል፣ ይከሳል እንጂ አይወፍርም። ጸጉሩ ይቆማል፣ ደሙ ይመነምናል፣ በመጨረሻም ቀንበር መሸከም ያቅተዋል። በሽታውን የሚያመጣው ትሪፓኖሶማ የተባለ፣ በዓይን የማይታይ ጥገኛ ሕይወት ሲሆን፣ ዋነኛ አስተላላፊው የቆላ ዝንብ ወይም ጼጼ ነው። ይኸው ዝንብ እረኛውንም ይነድፋል። እረኛው ግን ገንዲ አይዘውም።

ለዚህ ምክንያቱ በሰው ደም ውስጥ ያለ አፖል-1 የተባለ ፕሮቲን ነው። ጥገኛው ይህን ፕሮቲን ይውጠዋል፤ ፕሮቲኑም ከውስጥ ሽፋኑን እየበሳ ይገድለዋል። ከትሪፓኖሶማ ወገን ሁለት ዓይነቶች ብቻ ከዚህ መከላከያ የሚያመልጡበትን ዘዴ አበጅተዋል፤ በሰው ላይ የእንቅልፍ በሽታን የሚያመጡትም እነርሱ ናቸው። በምዕራብ አፍሪካ በነበረው የረጅም ዘመን ትግል ደግሞ በአንዳንድ ሰዎች ላይ የአፖል-1 ዘረ መል በጥቂቱ ተለውጦ ተገኘ። የተለወጠው ቅጂ ከእንቅልፍ በሽታ ጋር በሚደረገው ግብግብ ለባለቤቱ ጥቅም ስለሰጠ በትውልድ ቅብብል ተስፋፋ። አንድ ቅጂ የያዘ ሰው ጥቅሙን ያገኛል። ከእናትም ከአባትም ወርሶ ሁለት ቅጂ የያዘ ሰው ግን ኩላሊቱ ለጉዳት የተጋለጠ ይሆናል። ወባና ሲክል ሴል የተባለው የደም ሕመም ያላቸውን ግንኙነት ለሚያውቅ ሰው ነገሩ አዲስ አይሆንበትም።

ይህ ግኝት ይፋ የሆነው እ.ኤ.አ. በ2010 በአሜሪካና በእስራኤል ተመራማሪዎች ጥናት ነው። በባሪያ ንግድ ዘመን ከምዕራብ አፍሪካ በግዳጅ የተጋዙ ሰዎች ይህን ዘረ መል ይዘው አትላንቲክን ተሻገሩ። ዛሬ ከጥቁር አሜሪካውያን መካከል 13 በመቶ ያህሉ ሁለቱንም የተለወጡ ቅጂዎች ይይዛሉ። ከእነዚህም አብዛኞቹ ዕድሜያቸውን ሙሉ ኩላሊታቸው ሳይደክም ይኖራሉ። ሁለቱ ቅጂዎች ገደል አፋፍ ላይ ያቆማሉ እንጂ ራሳቸው አይገፉም፤ የሚገፋው እንደ ኤች አይ ቪ ያለ ቫይረስ ወይም ሌላ ተጨማሪ ምክንያት ነው።

ከዚያ በኋላ ጥያቄው ወደ ንቅለ ተከላ ዞረ። እ.ኤ.አ. በ2011 በሰሜን ካሮላይና የሚገኘው የዌክ ፎረስት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከጥቁር ለጋሾች የተገኙ ኩላሊቶች የተተከሉባቸውን 136 ንቅለ ተከላዎች መረመሩ። ለጋሹ ሁለት የተለወጡ ቅጂዎች በነበሩት ጊዜ ኩላሊቱ ቀድሞ ከሽፎ ተገኘ። በቀጣዮቹ ዓመታት ጥናቱ ሰፍቶ 1,153 ንቅለ ተከላዎች ሲደመሩም ውጤቱ ጸና፤ ከእንዲህ ያለ ለጋሽ የተገኘ ኩላሊት የመክሸፍ ዕድሉ እጥፍ ገደማ ነበር። አንድ የተለወጠ ቅጂ ብቻ ካለው ወይም ምንም ከሌለው ጥቁር ለጋሽ የተገኘው ኩላሊት ግን ከሌሎች ለጋሾች ኩላሊት ጋር የሚቀራረብ ዕድሜ ነበረው። በዋናነት የተመዘነው የሰጪው ዘረ መል መሆኑም ልብ ሊባል ይገባል። አፖል-1 በጉበትም በኩላሊትም ይሠራል፤ ጉዳቱን የሚያደርሰው ግን ኩላሊቱ ራሱ በማጣሪያ ሴሎቹ ውስጥ የሚሠራው ነው። ለዚህም ነው ችግሩ ከኩላሊቱ ጋር አብሮ የሚጓዘው።

እንግዲህ የቀድሞው 20 በመቶ የአማካይ ቁጥር ሽፋን ነበር ማለት ነው። ከ100 ጆንያ እህል ውስጥ 13ቱን ነቀዝ ነክቷቸው እንደሆነ የሰማ ነጋዴ፣ ጆንያዎቹን ፈትቶ ከማየት ይልቅ የመቶውንም ዋጋ ቢቀንስ ኪሳራው በማን ላይ እንደሚወድቅ ግልጽ ነው። ይባስ ብሎ የጆንያው ቀለም ተመሳሳይ ስለሆነ ብቻ ከሌላ ጎተራ የመጣውን እህል በዚያው በወረደ ዋጋ ቢገዛ ስሕተቱ ድርብ ይሆናል። በኢትዮጵያውያን ላይ የደረሰው ይህ ሁለተኛው ነው።

የእስራኤል ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጡት ጥናት ከአራት የኢትዮጵያ ሕዝቦች የተውጣጡ 304 ሰዎችን ናሙና አካትተው ነበር። ለኩላሊት ሕመም የሚያጋልጡት ቅጂዎች በእነዚህ ናሙናዎች ውስጥ አልተገኙም ማለት ይቻላል። በቀጣዩ ዓመት ይኸው የሃይፋ ቡድን በእስራኤል የሚኖሩና ኤች አይ ቪ በደማቸው ያለ የኢትዮጵያ ተወላጆችን ሁኔታ የሚመለከት ሌላ ጥናት አወጣ። ኤች አይ ቪ በጥቁር አሜሪካውያን ላይ የሚያስከትለው ከባድ የኩላሊት ሕመም በእነዚህ ሰዎች ላይ አልታየም፤ የተለወጡት ቅጂዎችም አልነበሩም። ቫይረሱ አንድ ዓይነት ነው፤ በአሜሪካ ቅጽ ላይ ቢሞላ የቆዳ ቀለሙም አንድ ዓይነት ነው። ኩላሊቱ ግን አንድ ዓይነት አልሆነም።

ለዚህ ከሚሰጡት ማብራሪያዎች መካከል መልክዓ ምድር ይገኝበታል። የቆላ ዝንብ ከፍታንና ብርድን አይወድም፤ ደጋና ወይና ደጋ ላይ በሬ አርሶ የኖረው ሕዝብ ከእንቅልፍ በሽታ ጋር የምዕራብ አፍሪካውን ያህል አልተፋለመም። የተለወጠው ዘረ መል የተስፋፋውም ከኢትዮጵያ ደጋ ርቆ ነው። ጥናቶቹ ግን የኢትዮጵያን ሕዝቦች በሙሉ አልመዘኑም። በጋምቤላ አካባቢ የእንቅልፍ በሽታ በሰው ላይ ተመዝግቦ ያውቃል፤ በምዕራቡ ቆላና በድንበር አካባቢ ያሉ ሕዝቦች የዘር ታሪክ ከደጋው ይለያል። «ኢትዮጵያዊ» የሚለውም ቃል እንደ «ጥቁር» ሁሉ የደም ምርመራን የሚተካ አይደለም።

በአሜሪካ ቀመሩ በሥራ ላይ በነበረባቸው ዓመታት በመኪና አደጋ ሕይወቱ ያለፈ አንድ ኢትዮጵያዊ ወጣት ኩላሊቱን ቢለግስ፣ ነጥቡ በዕድሜና በጤና ከሚመሳሰለው ነጭ ለጋሽ ከፍ ብሎ ይጻፍ ነበር። ነጥቡ ከፍ ያለ ኩላሊት ደግሞ በየሆስፒታሉ «አንፈልገውም» የመባል ዕድሉ ይጨምራል። ከሞቱ ለጋሾች ከሚወሰዱት ኩላሊቶች ሩብ ያህሉ ሳይተከሉ በሚጣሉበት አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የሚጣለው ኩላሊት በሳምንት ሦስት ቀን ከእጥበት ማሽን ጋር ታስሮ ለሚውል አንድ ሰው የሚደርስ ነበር።

በተቀባዩ በኩል የነበረው አድሎ ከዚህ የባሰ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። የኩላሊትን የማጣራት አቅም ከደም ምርመራ የሚገምተው ቀመር ሕሙሙ ጥቁር ከሆነ ውጤቱን በ16 በመቶ ገደማ ከፍ ያደርግ ነበር። ውጤቱ ሲያብጥ ሕሙሙ ከእውነታው የተሻለ ጤና ያለው መስሎ ይታያል፤ ስለዚህ በንቅለ ተከላ ተጠባባቂዎች መዝገብ ላይ ጊዜ መቁጠር የሚጀምርለት ዘግይቶ ነው። ይህ ማባዣ እ.ኤ.አ. በ2021 እንዲቀር የሙያ ማኅበራቱ ወሰኑ፤ ከ2023 መጀመሪያ አንሥቶም ሆስፒታሎች በቀመሩ ምክንያት የዘገዩ ጥቁር ሕሙማንን ፈልገው የተጓደለባቸውን የጥበቃ ጊዜ እንዲያስተካክሉ ታዘዙ። ከእነዚህ መካከል በቅጹ ላይ በዚያው ሳጥን የተቆጠሩ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያንም አሉበት። ከ2023 በፊት መዝገብ ላይ ሰፍሮ እስካሁን የሚጠባበቅ ዘመድ ያለው ቤተሰብ የጥበቃው ቀን ታርሞ እንደሆነ ሆስፒታሉን መጠየቁ ተገቢ ነው።

ዘርን ከለጋሽ ስሌት ማውጣቱ ትክክለኛ እርምጃ ነው። ነገር ግን ሥራው በግማሽ ቀርቷል። ቀለሙ ከቅጹ ሲወጣ በምትኩ የዘረ መል ምርመራ አልገባም። ስለሆነም ሁለት የተለወጡ ቅጂዎች ያሉት ኩላሊትና የሌሉት ኩላሊት ዛሬ በስሌቱ ላይ አንድ ናቸው። ተግባራዊ ችግርም አለ፤ ከሞተ ሰው የተወሰደ ኩላሊት በበረዶ ላይ የሚቆየው በሰዓታት የሚቆጠር ጊዜ ነው፤ ውጤቱ ከዚያ ቀድሞ የሚደርስ ምርመራ በየቦታው ይፈልጋል። የአሜሪካ መንግሥት የጤና ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2017 ያስጀመረው አፖሎ የተባለ የምርምር መረብ በመላው አገሪቱ ያሉ ለጋሾችንና ተቀባዮችን የመዘገበው ይህን ጥያቄ በሰፊው ለመመለስ ነው። የፕሮቲኑን ሥራ የሚገታ ኢናክሳፕሊን የተባለ መድኃኒትም በሙከራ ላይ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2023 በወጣው የመጀመሪያ ውጤት ከጥቂት ሕሙማን በሽንት የሚወጣውን ፕሮቲን በግማሽ ገደማ ቀንሷል።

በሕይወት እያለ የሚለግስ ሰው ጉዳይ ከዚህ ይከብዳል፤ በእርሱ በኩል ሊጎዳ የሚችለው የተሰጠው ኩላሊት ብቻ ስላልሆነ። እ.ኤ.አ. በ2018 በታተመ ጥናት 136 ጥቁር አሜሪካውያን ኩላሊት ከለገሱ ከ12 ዓመት ገደማ በኋላ ተመርምረው ነበር። ከመካከላቸው 19ኙ ሁለት የተለወጡ ቅጂዎች ነበሯቸው፤ የቀረላቸው ኩላሊት የማጣራት አቅም ከሌሎቹ ያነሰ ሲሆን፣ ሁለቱ ራሳቸው ኩላሊታቸው ፈጽሞ ደክሞ ተገኝተዋል። ከቀሩት ለጋሾች መካከል ግን አንድም ሰው እዚህ ደረጃ አልደረሰም። ቁጥሩ ትንሽ ነው፤ ይሁን እንጂ ወንድሙን ለማዳን ወደ ቀዶ ሕክምና የሚገባ ሰው ሊሰማው የሚገባ ቁጥር ነው። ወንድሙ የታመመው በዚሁ ዘረ መል ምክንያት ከሆነ እርሱም ሁለቱን ቅጂዎች የመውረስ ዕድሉ ከአራት አንድ ወይም ከዚያ በላይ ነው።

በኢትዮጵያ የለጋሽ ማንነት ማለት የቤተሰብ ማንነት ማለት ነው። በመስከረም 2008 ዓ.ም. በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ በሚቺጋን ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች ትብብር የተጀመረው የኩላሊት ንቅለ ተከላ የተመሠረተው በሕይወት ባሉ ዘመዶች ልገሳ ላይ ነው። አቅሙ ኖሮት ወይም መዋጮ ተሰብስቦለት ወደ ሕንድ የሚሄደውም ሰው ቢሆን የሕንድ ሕግ ለጋሽ ዘመዱን ይዞ እንዲመጣና ዝምድናው በኤምባሲው እንዲረጋገጥ ይጠይቀዋል። ስለዚህ «ማን ይስጥ?» የሚለው ጥያቄ ሐኪም ዘንድ ከመድረሱ በፊት ጓዳ ውስጥ ይመከርበታል። በዚያ ምክር ላይ የሚነሣው ቀዳሚ ነገር ደም ነው፤ የአንድ እናት ልጅ ከሆነ ይገጥማል የሚል እምነት አለ።

እምነቱ ከፊል እውነት አለው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1954 በቦስተን ዶክተር ጆሴፍ መሪ ያካሄዱት የመጀመሪያው ስኬታማ የኩላሊት ንቅለ ተከላ ከመንትያ ወደ መንትያ የተደረገ ነበር። የተቀባዩ ሰውነት አዲሱን ኩላሊት እንደ ባዕድ አልቆጠረውም፤ መንትዮቹ ከአንድ ጽንስ የተገኙ ስለነበሩ። ተራ ወንድማማቾች ግን እንዲህ አይደሉም። ከአራት ወንድም ወይም እኅት አንዱ በሕብረ ሕዋስ ሙሉ በሙሉ ሊዛመድ ይችላል፣ ሁለቱ በግማሽ፣ አንዱ ደግሞ ምንም ላይዛመድ ይችላል። መድኃኒቶቹ እየተሻሻሉ ሲመጡም የዝምድና ክብደት ቀለለ። እ.ኤ.አ. በ1995 በአሜሪካ የታተመ ሰፊ ጥናት ከትዳር ጓደኛ የተገኘ ኩላሊት ከሦስት ዓመት በኋላ 85 በመቶው ይሠራ እንደነበር አሳየ፤ ከወላጅ የተገኘው 82 በመቶ፣ ከሞተ ለጋሽ የተገኘው ደግሞ 70 በመቶ ነበር። ባልና ሚስት በሥጋ አይዛመዱም። ኩላሊቱ ግን ከጤነኛ ሰው በቀጥታ፣ በበረዶ ላይ ብዙ ሳይቆይ ተላልፏል። ይህ ከተዛማጅነት በላይ ሠርቷል።

ዝምድና የራሱ አደጋ አለው፤ በጓዳው ምክርም እምብዛም አይነሣም። በኩላሊት ውስጥ ውኃ የቋጠሩ ከረጢቶች የሚበዙበት የዘር በሽታ ለምሳሌ ከታማሚ ወላጅ ወደ እያንዳንዱ ልጅ የመተላለፍ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው። ከረጢቶቹ በወጣትነት በአልትራሳውንድ ላይታዩ ይችላሉ፤ የ22 ዓመቱ ወንድም «ንጹሕ ነው» ተብሎ ቢሰጥ፣ ሁለቱም ወንድማማቾች በኋላ አንድ ሕመም ሊጋሩ ይችላሉ። ታማሚው ኩላሊቱን ያጣው በምን እንደሆነ ሳይታወቅ የወንድምን ኩላሊት መውሰድ ለሁለቱም የጨለማ ጉዞ ነው። በገጠር ደግሞ ብዙ ሕሙማን ሐኪም ዘንድ የሚደርሱት ሁለቱም ኩላሊቶች ከተሸበሸቡ በኋላ ስለሆነ መነሻውን ለይቶ ማወቅ ያዳግታል።

ዕድሜም አለ። በብዙ ቤት ወላጅ «እኔ ኖሬአለሁ፣ ከእኔ ይወሰድ» ይላል። ፍቅሩ የሚነካ ቢሆንም፣ በለጋሽ በኩል ካሉት መለኪያዎች ሁሉ የተተከለውን ኩላሊት ዕድሜ በማሳጠር ጎልቶ የሚታየው የለጋሹ ዕድሜ ነው፤ ኩላሊት ከጎልማሳነት ጀምሮ ማጣሪያዎቹን በየዓመቱ ቀስ በቀስ ያጣልና። የ60 ዓመት እናት ለ65 ዓመት ባሏ ብትሰጥ ኩላሊቱና ተቀባዩ አብረው ያረጃሉ። ለ25 ዓመት ልጇ ብትሰጥ ግን ልጁ ገና ጎልማሳ ሳለ ሌላ ኩላሊት ሊያስፈልገው ይችላል። እርግጥ ነው፣ በማሽን እጥበት ከመኖር የእናት ኩላሊት በእጅጉ ይሻላል፤ ሌላ ሰጪ ከሌለ ምርጫው ግልጽ ነው።

በገጠር ለተወለደ ለጋሽ ልዩ ትኩረት የሚሹ ነገሮች አሉ። በአንድ ኩላሊት ውስጥ በአማካይ አንድ ሚሊዮን ያህል ጥቃቅን ማጣሪያዎች ይገኛሉ፤ ከሰው ሰው ያለው ልዩነትም በጣም ሰፊ ነው። ቁጥሩ የሚወሰነው በእናት ማሕፀን ነው፤ ከተወለዱ በኋላ አዲስ ማጣሪያ አይበቅልም። ክብደቱ አንሶ የተወለደ ሕፃን በተለምዶ ያነሱ ማጣሪያዎችን ይዞ ይወለዳል። እናቱ በድርቅ ዓመት ያረገዘችው ሰው፣ ዛሬ ጠንካራ ገበሬ ቢሆን እንኳ፣ ኩላሊቱ የዚያን ዓመት ረኀብ መዝግቦ ሊይዝ ይችላል። የለጋሽ ማንነት ሲባል ከዘርና ከዝምድና ባሻገር የእናት ማዕድም አለበት።

መለኪያው ራሱም ያሳስታል። በደም ምርመራ የሚታየው ክሬቲኒን የሚመነጨው ከጡንቻ ነው። ከሲታና ጡንቻው ያነሰ ሰው ክሬቲኒኑ ዝቅ ብሎ ስለሚገኝ ኩላሊቱ ከእውነታው የተሻለ ይመስላል። ቀመሮቹ የተሠሩት በአብዛኛው በሌላ አገር፣ በሌላ ቁመናና በሌላ አመጋገብ ላይ ባሉ ሰዎች ነው። ሥጋ በዓመት በዓል የሚቀምስ ለጋሽ በዚህ ቁጥር ብቻ ሲመዘን ስሕተት ሊፈጠር ስለሚችል፣ አቅሙ ባለበት ሁሉ የማጣራት ኃይሉን በግምት ሳይሆን በቀጥታ መለካት ይመረጣል። የመጣበት አካባቢም ይጠየቃል፤ ቢልሃርዝያ ካለበት የመስኖ ወይም የሐይቅ ዳርቻ ነው ወይ፣ ሳንባ ነቀርሳ በቤቱ ነበረ ወይ፣ የጉበት ቫይረስ በደሙ አለ ወይ? እነዚህ ቀድመው ከታወቁ አብዛኞቹ ይታከማሉ። ሳይታወቁ ከኩላሊቱ ጋር ከተሻገሩ ግን የመከላከል አቅሙ በመድኃኒት የተዳከመውን ተቀባይ ይጎዱታል።

ከሁሉም በላይ በገጠር ተደብቆ የሚኖረው ደም ግፊት ነው። ለጋሽ ሊሆን የመጣ ሰው ግፊቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚለካው በዚያው የለጋሽነት ምርመራ ላይ የሚሆንበት አጋጣሚ ጥቂት አይደለም። ከለገሰም በኋላ በየዓመቱ ግፊቱንና በሽንቱ የሚወጣውን ፕሮቲን መለካት ይኖርበታል። ከተማ ላለ ሰው ይህ የግማሽ ቀን ጉዳይ ነው። ከወረዳው ከተማ በእግር የአንድ ቀን መንገድ ለሚርቀው ገበሬ ግን ዓመታዊው ምርመራ በእርሻና በአጨዳ መካከል የሚረሳ ነው፤ የቅርቡ ጤና ጣቢያ ለዚህ የሚያስፈልገው ግፊት መለኪያና የሽንት መመርመሪያ ወረቀት ብቻ ነው። በለጋሾች መዝገብ ላይ ስሙ የሰፈረን ሰው ወደ ጤና ጣቢያው የማስተላለፍ አሠራር ቢኖር የሚጠይቀው ወጪ ከንቅለ ተከላው ዋጋ አንጻር ኢምንት ነው።

ዓለም አቀፉ የኩላሊት ሕክምና መመሪያ አውጪ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው የሕያው ለጋሾች መመሪያ፣ የአፖል-1 ምርመራ ከሰሃራ በታች የዘር ግንድ ላላቸው ዕጩ ለጋሾች ሊቀርብላቸው እንደሚችል አስፍሯል። በካርታው መሠረት ኢትዮጵያም እዚያው ውስጥ ናት። በአሜሪካ ለዘመዱ ሊለግስ የተዘጋጀ ኢትዮጵያዊ ምርመራው ቢቀርብለት ጥቂት ደም ወይም ምራቅ መስጠት ብቻ ይበቃዋል፤ ውጤቱም በአብዛኛው ነጻ ሆኖ እንደሚመጣ ከጥናቶቹ መገመት ይቻላል። ከዚያ በኋላ የሚቀሩት ጥያቄዎች ጎንደርም ሆነ ሲልቨር ስፕሪንግ ያው ናቸው፤ ዕድሜው ስንት ነው፣ ግፊቱ ስንት ነው፣ ሲወለድ ክብደቱ ስንት ነበር፣ የወንድሙስ ኩላሊት የደከመው በምንድን ነው?